የግሸን አምባና የልጆቻችን ስልክ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው የአበው ምሳሌ ከማናቸውም ነገር ይልቅ በልጅ አስተዳደግ ላይ የሚሠራ ነው። የአገራችን ወላጅ ግቢውን የሚያጥረው፣ ማታ በሩን የሚቀረቅረው፣ ልጁ ከማን ጋር እንደ ዋለ የሚጠይቀው ከዚሁ ጥርጣሬ የተነሣ ነው። ይሁን እንጂ የድሮውን ወላጅ የሚያሳርፈው አንድ ነገር ነበረ፤ ይኸውም ክፉ ነገር ወደ ልጁ የሚመጣው በእግሩ ተራምዶ መሆኑ ነው። ጅብም ሆነ ሌባ፣ ባለጌ ጓደኛም ሆነ ቁማርተኛ፣ በበር በኩል ካልሆነ በቀር መግቢያ አልነበረውም። ዛሬ ግን በሩ ተቀርቅሮ፣ እናትና አባት ሳሎን ተቀምጠው ቡና ሲጠጡ፣ ልጁ በብርድ ልብስ ተሸፋፍኖ በመዳፉ በያዛት አንዲት ትንሽ መስተዋት አማካይነት ዓለምን በሙሉ ወደ መኝታው ያስገባል። የሒሳብ መምህሩም፣ አታላዩም፣ መዝሙሩም፣ ቁማሩም የሚገቡት በዚያችው በአንዲት መስኮት ነው።

ይህን ችግር ለማቃለል ሲባል የዘመኑ ጥበብ ሌላ መሣሪያ አበጅቷል፤ ስሙም የወላጅ መቈጣጠሪያ መተግበሪያ ይባላል። ወላጁ በራሱ ስልክ ላይ ሆኖ የልጁን ስልክ ያዝዛል። በቀን ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ይወስናል፤ ከመኝታ ሰዓት በኋላ ይዘጋዋል፤ የትኛው ጨዋታ እንዲገባ፣ የትኛው እንዲቀር ይፈርዳል፤ ልጁ የት እንዳለም በካርታ ላይ ያያል። ፋሚሊ ሊንክ የተባለውን መተግበሪያ የጉግል ኩባንያ በ2017 ያወጣው ሲሆን፣ የአፕል ኩባንያ ደግሞ በ2018 ስክሪን ታይም የተባለውን በስልኮቹ ውስጥ አስገብቷል። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ሁለቱም ክፍያ አይጠየቅባቸውም። ስለዚህ ስልክ ያለው ወላጅ ሁሉ፣ አሠራሩን የሚያሳየው ሰው ካገኘ፣ ዛሬውኑ የልጁን መስኮት ሊያጥር ይችላል ማለት ነው።

ይህን ገጽ የምታነበው ተማሪ ወይም በቅርቡ የተቀጠርህ ወጣት ሠራተኛ፣ «እኔ ገና አላገባሁም፤ የልጅ ስልክ ምኔ ነው?» ትል ይሆናል። ነገር ግን ጉዳዩ ከማንም ይልቅ አንተን ይመለከታል። በብዙ ቤት የአባትን ስልክ የሚያስተካክለው፣ ለእናት ኢሜይል የሚከፍትላት፣ ፓስወርዱንም የሚያስታውሰው የተማረው ልጅ ነው። ለበዓል ወደ ቤተ ሰቦችህ በሄድህ ጊዜ አባትህ፣ «እስቲ የዚህን ልጅ ስልክ አንድ ነገር አድርግልኝ፤ ሌሊቱን ሙሉ ዐይኑን አይከድንም» ብለው የሚያቀብሉት ለአንተ ነው። እኅቴ ሆይ፣ አንቺም ብትሆኚ ከዚህ ሹመት አታመልጪም። በዚያች ሰዓት የታናሽ ወንድማችሁ ወይም የታናሽ እኅታችሁ ዘበኛ ሆናችሁ ተሾማችሁ ማለት ነው። እንግዲህ ሹመቱን ከመቀበላችሁ በፊት የዘበኝነትን ታሪክ ጥቂት መመርመር ይገባል።

ለዚህ ታሪክ ደግሞ ባሕር መሻገር አያስፈልግም። በገዛ አገራችን፣ በደቡብ ወሎ፣ በአምባሰል ምድር፣ ልጆች ከዓለም ተለይተው እንዲጠበቁ የተደረገበት አንድ አምባ አለ፤ እርሱም ግሸን ነው።

ግሸን ዙሪያው ገደል፣ ራሱ ሜዳ የሆነ፣ ቅርጹም መስቀል የሚመስል አምባ ነው። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ምእመናን ከየማዕዘኑ እየመጡ፣ አቀበቱን እየወጡ፣ የእግዚአብሔር አብንና የማርያምን አብያተ ክርስቲያናት ይሳለማሉ። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት መሠረት ግማደ መስቀሉን በዚህ አምባ ያስቀመጡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። ብዙ ሰው ግሸንን የሚያውቀው በዚህ ነው። ነገር ግን አምባው ሌላም ታሪክ አለው። በመካከለኛው ዘመን የነገሥታቱ ወንዶች ልጆችና ወንድሞች ከነዘር ማንዘራቸው በዚህ ገደል ላይ ይቀመጡ ነበር። የዚህም ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ ንጉሥ በሞተ ቍጥር ወንድማማቾች በዙፋን እየተጣሉ አገር እንዳያውኩ፣ ከሚነግሠው በቀር ሌሎቹ ከሰው ተለይተው እንዲኖሩ ተወሰነ። አስፈላጊ በሆነ ጊዜም አንዱ ከአምባው ወርዶ ይነግሣል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ራሳቸው በ1434 የነገሡት ከዚሁ አምባ ወርደው ሲሆን፣ ዐፄ ናዖድም በ1494 እንዲሁ ከዚያው ወርደው ዘውድ ጫኑ።

የአምባው አጠባበቅ እንዴት እንደ ነበረ በሰፊው የጻፈልን ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የተባለው የፖርቱጋል ቄስ ነው። ይህ ሰው ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር በ1520 መጥቶ፣ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ስድስት ዓመት ያህል በአገራችን ተቀምጦ፣ ያየውንና የሰማውን በመጽሐፍ አስፍሯል። እርሱ እንደሚለው ወደ አምባው የቀረበ ሰው እጅና እግሩን ይቈረጥ፣ ዐይኑንም ይወጣ ነበር። ከሁሉ ይልቅ የሚፈራው ግን ሰው መግባቱና መውጣቱ ብቻ አልነበረም፤ ቃል መውጣቱ ነበር። ደብዳቤ ከጦር ይልቅ ይፈራ ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆን አንድ ነገር አልቫሬዝ በዐይኑ አይቷል። ዕድሜው ሠላሳ ዓመት ገደማ የሆነ አንድ መነኵሴ ከአምባው መሳፍንት ወደ ንጉሡ የተላከ ደብዳቤ ይዞ በመገኘቱ ተይዞ ወደ ከተማ መጣ። ከእርሱም ጋር ሁለት መቶ ያህል የአምባው ጠባቂዎች አብረው ቀረቡ። መነኵሴው በየሁለት ቀኑ ይገረፋል፤ እርሱ በተገረፈ ቍጥርም ከጠባቂዎቹ እኩሌቶቹ፣ ከአለቃቸው ጀምሮ፣ አብረው ይገረፋሉ። ደብዳቤውን ማን ሰጠህ፣ ሌላስ ደብዳቤ አለህን እየተባለ ይጠየቃል። የመነኵሴው መልስ አንድ ነበር፤ ከአምባው ከወጣ 16 ዓመት እንደ ሆነው፣ ደብዳቤውም የተሰጠው ያን ጊዜ እንደ ነበረ፣ እስከዚያም ቀን ድረስ ለማድረስ እንዳልደፈረ ተናገረ።

አንባቢ ሆይ፣ እስቲ ይህን ነገር ልብ አድርገው። አንድ የንጉሥ ዘመድ ችግሩን ለንጉሡ ጽፎ ይልካል፤ ቃሉ ግን መልእክተኛው ከመፍራቱ የተነሣ 16 ዓመት በአንድ ሰው ጕያ ተደብቆ ይኖራል። ደብዳቤውን የጻፈው ልጅ ከነበረ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ጐልማሳ ሆኗል። የራበው ከሆነም፣ ወይ ጠግቧል ወይ ሞቷል።

ሌላው ታሪክ ከዚህም ይልቅ ልብ የሚነካ ነው። በዚያው ዘመን ከንጉሡ ወንድሞች አንዱ፣ ገና ወጣት የነበረው፣ ከአምባው አምልጦ ወደ እናቱ ቤት ሄደ። እናቱ ንግሥት ነበሩ፤ ዳሩ ግን ያመለጠውን መቀበል በሞት የሚያስቀጣ ስለ ነበረ፣ ልጃቸውን አስይዘው ወደ ንጉሡ ሰደዱት። ለምን እንዳመለጠም በተጠየቀ ጊዜ፣ በረኃብ መሞቱ እንደ ሆነና ይህን መልእክት ወደ ንጉሡ የሚያደርስለት ሰው በማጣቱ ራሱ ለመናገር እንደ መጣ መለሰ። ንጉሡም ልብስና ወርቅ ሰጥቶ ወደ አምባው መለሰው። ሌላም የንጉሥ ዘመድ እንዲሁ ሰውነቱን በቅጠልና በቅርንጫፍ ሸፍኖ ሲያመልጥ፣ ቍጥቋጦው ሲንቀሳቀስ ያዩ ገበሬዎች እንደ ያዙት አልቫሬዝ ይተርካል።

የግሸን አምባ የእስር ታሪክ ያበቃው በ1540 ነው። የኢማም አሕመድ ጦር አምባውን ያዘ፤ በላዩም የነበሩት ተፈጁ። ኋላ በጎንደር ዘመን ይኸው ልማድ ወህኒ ወደ ተባለው ሌላ አምባ ተዛወረ፤ ወህኒ ቤት የሚለውም ቃላችን ከዚያ የቀረ ነው።

የግሸን ወሬ ባሕር ተሻግሮ በአውሮፓ በብዙ ጸሐፊዎች ተወስቷል። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 ያሳተመው ራስላስ የተባለው ልብ ወለድ መጽሐፍ መነሻው ይኸው ወሬ ነው፤ መጽሐፉንም ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ ተርጕመውታል። የጆንሰን ልዑል ግን እንደ አልቫሬዙ ወጣት አልተራበም። በተራሮች በተከበበ ውብ ሸለቆ፣ ምግቡም፣ ዘፈኑም፣ ጨዋታውም ሳይጓደልበት ይኖራል። ነገር ግን ሁሉ በተሟላበት ስፍራ ሳለ ይሰለቻል፤ በመጨረሻም ተራራውን በስተ ውስጥ ፈልፍሎ ያመልጣል። እንግዲህ የራበውም አመለጠ፤ የጠገበውም አመለጠ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ ልጆቻችን ስልክ እንመለስ። በርግጥ የልጅን ስልክ በማታ መዝጋት እስር አይደለም፤ እንደ እስር አድርጎ የሚያወራውም ሰው አጉል ይደክማል። የአራት ዓመት ሕፃን ከገደል አፋፍ ሲጫወት አጥር አያስፈልገውም የሚል ወላጅ የለም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ አንድ ዓመትና ከዚያ በታች ለሆነው ሕፃን ቴሌቪዥንም ሆነ ስልክ ጨርሶ ባይከፈትለት እንደሚሻል፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለው ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ከዚያም ቢያንስ የተሻለ መሆኑን መክሯል። እኛ ቤት ግን ሕፃኑ ሲያለቅስ ስልክ ይሰጠዋል፤ እንጀራ አልበላም ሲልም ስልክ ተከፍቶለት ይጐርሳል። ስለዚህ ገደብ ማስፈለጉ የሚያከራክር አይደለም። የሚያከራክረው ገደቡ ምን ዓይነት ይሁን የሚለው ነው። በዚህም ረገድ የግሸን ታሪክ ሦስት ጥያቄ እንድንጠይቅ ያስተምረናል።

የመጀመሪያው ጥያቄ አጥሩ የታጠረው ለማን ነው የሚለው ነው። የግሸን ገደል መሳፍንቱን ከክፉ ለመሰወር የተመረጠ አልነበረም፤ ዙፋኑን ከመሳፍንቱ ለመጠበቅ ነበር። እኛም በልጃችን ስልክ ላይ ቍልፍ ስናደርግ እውነቱን ለራሳችን መናገር አለብን። ልጁ እንዲተኛ፣ እንዲያጠና፣ ከአታላይ እንዲድን ነውን? ወይስ እኛ እንዳንረበሽ፣ በጎረቤት ዘንድ ስማችን እንዳይነሣ፣ ለልጁ ጊዜ አለመስጠታችንም እንዳይታወቅብን ነው? ቀን ሙሉ ስልኩን እንደ ሞግዚት ሰጥቶ ማታ በመተግበሪያ የሚዘጋ ወላጅ፣ አጥሩን ያጠረው ለራሱ ነው። ልጅ ደግሞ ይህን ለመለየት ሊቅ መሆን አያስፈልገውም። አባቱ በምሳ ሰዓት ዐይኑን ከቲክቶክ ሳይነቅል «ስልክህን አስቀምጥ» ቢለው፣ ነገሩ የጤና ሳይሆን የሥልጣን መሆኑን ወዲያው ይረዳዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ ጠባቂውን ማን ይጠብቀዋል የሚለው ነው። በዚያ መነኵሴ ምክንያት ሁለት መቶ ጠባቂዎች እንደ ተገረፉ አይተናል። ማንኛውም አጥር የሚሠራው ነቅቶ የሚጠብቅ ሰው እስካለ ድረስ ነው፤ ያም ሰው ከእስረኛው እኩል ይታሰራል። መተግበሪያውም እንዲሁ ነው። አንድ ጊዜ ተጭኖ የሚተው ነገር አይደለም። ልጁ አዲስ ነገር ለማስገባት በፈለገ ቍጥር ጥያቄው ወደ ወላጁ ስልክ ይመጣል፤ ወላጁም ያን ነገር አውቆ መፍቀድ ወይም መከልከል አለበት። ፓስወርዱን የማያውቅ፣ የመጣውን ጥያቄ ማንበብ የሚቸግረው ወላጅ ግን ስልኩን መልሶ ለዚያው ለልጁ ይሰጠውና «እስቲ ምን እንደሚል እየው» ይለዋል። እንግዲህ ቍልፉ በእስረኛው እጅ ሆነ ማለት ነው።

ከዚህም ሌላ አጥሩ በራሱ ቀዳዳ አያጣም፤ ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንደሚባለው። ልጁ የጓደኛውን ስልክ ይዋሳል፤ የአያቱን ስልክ ይወስዳል፤ ሌላ አሮጌ ስልክ ከቦርሳው ይደብቃል። ማጣሪያው ቴሌግራምን በሙሉ ይዘጋ እንደ ሆነ ነው እንጂ፣ በቴሌግራም ውስጥ ካሉት ቻናሎች የትኛው የፈተና ጥያቄ የሚያወጣ፣ የትኛው ሰውን የሚያታልል መሆኑን ለይቶ አያውቅም። ይህ ደግሞ ለእኛ አገር ትልቅ ነገር ነው፤ በ2020 በኮቪድ ምክንያት ተማሪ ቤቶች በተዘጉ ጊዜ ብዙ ተማሪ ትምህርቱን የተከታተለው በዚሁ በቴሌግራም ነበርና። ማጣሪያዎቹ ደግሞ በይበልጥ የተሠሩት ለእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፣ በአማርኛ የተጻፈ ስድብና ማባበል ሲያልፍ ብዙ ጊዜ አያዩትም። በብዙ ቤት ያለው ችግር ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይቀድማል፤ ልጁ የራሱ ስልክ የለውም፤ የሚጠቀመው በእናቱ ስልክ ነው። በአንድ ስልክ ላይ እናት የባንክ ገንዘቧን ታዛለች፤ ልጅም ይጫወታል። እንዲህ ባለው ቤት ለልጁ በዚያው ስልክ ላይ የተለየ የእንግዳ መግቢያ መክፈት፣ ወይም በተከፈተው በአንዱ ነገር ላይ ብቻ ስልኩን ማሰር፣ ከተራቀቀ መተግበሪያ ሁሉ ይጠቅማል። ይህን የመሰለውን ነገር ደግሞ በአምስት ደቂቃ ልታሳዩ የምትችሉት እናንተ ናችሁ።

በሌላው ዓለም መንግሥታት ራሳቸው የአምባው ዘበኛ ለመሆን ተነሥተዋል። ቻይና በ2021 ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑት የኢንተርኔት ጨዋታ የሚጫወቱት ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ እንዲሁም በበዓላት ቀን ማታ አንዳንድ ሰዓት ብቻ እንዲሆን ደነገገች። አውስትራሊያም በ2024 ባወጣችው ሕግ መሠረት፣ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በታላላቆቹ ማኅበራዊ መገናኛዎች ላይ ሒሳብ እንዳይኖራቸው ከታኅሣሥ ወር 2025 ጀምሮ ከለከለች። የዚህ ውጤት ወደ ፊት ይታያል። ይሁን እንጂ መንግሥት በሩን ቢዘጋ እንኳ፣ ልጁ ማታ ከማን ጋር ሲያወራ እንዳመሸና ለምን ፊቱ እንደ ጠቈረ የሚያየው የቤቱ ሰው ብቻ ነው።

ሦስተኛውና ዋናው ጥያቄ፣ መልእክት በየት በኩል ያልፋል የሚለው ነው። በግሸን ታሪክ ከሁሉ የሚያሳዝነው ገደሉ አይደለም፤ የራበው ወጣት «ራበኝ» ብሎ የሚልክበት መንገድ ማጣቱ ነው። ያመለጠው ለማመፅ ሳይሆን ለመናገር ነበር። አሁን ይህን ወደ ዛሬው እንመልሰው። አንዲት የ13 ዓመት ልጅ አለች እንበል። አንድ የማታውቀው ሰው በስልኳ ይተዋወቃታል፤ እንደ እኩያዋ ሆኖ ያወራታል፤ በመጨረሻም ፎቶግራፍ ያስልካታል። ከዚያም «ገንዘብ ካልላክሽ ለአባትሽ አሳያለሁ» ይላታል። ይህች ልጅ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የሚያስፈልጋት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ሳትፈራ የምትነግረው ሰው ነው። ነገር ግን በቤቷ ያለው ሕግ «አንድ ስሕተት ካገኘሁብሽ ስልኩን እሰብረዋለሁ» የሚል ከሆነ፣ እናቷም እንደዚያች ንግሥት ቅጣትን ፈርታ አሳልፋ የምትሰጣት ከሆነ፣ ልጅቱ ቃሏን ውጣ ትቀመጣለች። አታላዩም የሚተማመነው በዚሁ ዝምታ ነው። ወላጇ አጥሩን ባጠበቀ መጠን ለአታላዩ መሣሪያ አቀበለው ማለት ነው።

ስለዚህ ነው የልጅን ደብዳቤ በስውር የሚያነቡትን መተግበሪያዎች ከሌሎቹ መለየት የሚያስፈልገው። ፋሚሊ ሊንክን የመሰሉት ልጁ እያወቀ የሚሠሩ ናቸው፤ ሰዓትን ይገድባሉ እንጂ ለጓደኛው የጻፈውን አያነቡም። ነገር ግን በገበያ ላይ ልጁ ሳያውቅ በስልኩ ገብተው መልእክቱን ሁሉ ለወላጁ የሚገለብጡ ሌሎች አሉ። እነዚህ የስለላ መሣሪያዎች ናቸው። የአፍሪካ የሕፃናት መብትና ደኅንነት ቻርተር በ1990 በአዲስ አበባችን ሲጸድቅ፣ በ10ኛው አንቀጹ የልጅን የግል ሕይወትና የደብዳቤውን ምስጢር ያለ አግባብ መድፈር የተከለከለ መሆኑን ደንግጎ፣ ወላጆች ግን በልጃቸው ጠባይ ላይ ተገቢ የሆነ ቁጥጥር ለማድረግ መብት እንዳላቸው ጨምሯል። ኢትዮጵያም ይህን ቻርተር ተቀብላዋለች። ሁለቱ ቃላት አብረው የተጻፉት በከንቱ አይደለም። ቁጥጥር ይኑር፤ ነገር ግን ተገቢ ይሁን። በእኔ አስተያየት ተገቢነቱ የሚለካው ልጁ ቁጥጥሩን ማወቁ፣ ምክንያቱ የተነገረው መሆኑና ዕድሜው በጨመረ ቍጥር ገደቡ እየላላ መሄዱ ነው።

እዚህ ላይ፣ «የልጄ ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ደብዳቤውን ላንብ አይደለም፣ በሩንም እሰብራለሁ» የሚል ወላጅ ቢኖር እውነት አለው። ቤት ሲቃጠል በር ማንኳኳት የለም። ይሁን እንጂ ቤቱ ሳይቃጠል በየማታው በር የሚሰብር አባት፣ እሳት በተነሣ ቀን ልጁ በሩን ከውስጥ አጥብቆ ዘግቶ ያገኘዋል።

እንግዲህ አባት ስልኩን ባቀበሉን ጊዜ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ ከመጫናችን በፊት ልጁን አብሮን እናስቀምጠው። የሚዘጋውን ሰዓትና የሚዘጋበትን ምክንያት በፊቱ እንናገር፤ እርሱም ሐሳቡን ይስጥ። ከሳምንት ሁለት ሰዓት ቢለምንና ምክንያቱ የሚያሳምን ከሆነ ይጨመርለት፤ ለምኖ ያገኘ ልጅ መስረቅን አይለምድምና። ሁለተኛ፣ ለቤቱ ሁሉ የሚሆን አንድ ሕግ ይኑር፤ በምግብ ሰዓት ስልክ አይነሣም ከተባለ የአባትም አይነሣ፤ ማታ ስልኮች ሳሎን ያድራሉ ከተባለም የታላቅ ወንድም ስልክ ጭምር ይደር። ሦስተኛ፣ ገደቡ ከዕድሜ ጋር ይለዋወጥ። ለሰባት ዓመት ልጅ የሚፈቀደውን ብቻ መክፈት ተገቢ ነው፤ ለአሥራ ሁለት ዓመቱ ሰዓቱን መገደብ ይበቃል፤ ለአሥራ ስድስት ዓመቱ ግን ምክርና መተማመን ካልሆነ ቍልፍ ብዙ አይረዳም። ከሁለት ዓመት በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ ሰዓቱን የሚዘጋለት ማንም በሌለበት መኝታ ቤት ከእነስልኩ ያድራልና። ብዙዎቻችን እንዳየነው፣ በዶርም ውስጥ ሌሊቱን በስልክ እያነጋ የመጀመሪያውን ሴሚስተር የሚጥለው ተማሪ ሁልጊዜ ልቅ ሆኖ ያደገው አይደለም፤ አንዳንዱ በቤቱ እጅግ ተቈልፎ የኖረው ነው።

አራተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው፣ የምሕረት ቃል አስቀድሞ መሰጠቱ ነው። «በስልክህ የሚያስፈራህ ነገር ቢገጥምህ፣ ጥፋቱ የራስህም ቢሆን እንኳ፣ ለእኔ ከነገርኸኝ ስልክህን አልወስድብህም፤ አብረን እናስተካክለዋለን» የሚለውን ቃል መተግበሪያው ሊናገርልን አይችልም። ይህን ቃል የሚሰጠው ሰው አባት ወይም እናት ቢሆን መልካም ነው፤ እነርሱ በልማዳችን ከልጅ ጋር እንዲህ ያለውን ነገር መነጋገር ቢያፍሩ ግን ታላቅ ወንድም ወይም ታላቅ እኅት ሊሰጠው ይችላል። ታናናሾቻችን የእኛን ያህል ስልክ የሚያውቅ፣ የወላጆቻችንን ያህልም የሚያስብላቸው ሌላ ሰው የላቸውም። ከአምባው በላይና ከአምባው በታች ሆኖ ያለ ፍርሃት ቃል የሚያመላልስ መልእክተኛ ቢኖር ኖሮ፣ የአልቫሬዙ ወጣት ገደል ባልወረደ ነበር። ይህ የመልእክተኛነት ሥራ ዛሬ የእኛ ነው።

የዘመኑን መሣሪያ መናቅ አይገባም፤ ጠዋትና ማታ ከልጅ ጋር ከመጨቃጨቅ ሰዓቱን ለመተግበሪያው መስጠት ለብዙ ቤት ሰላም ይሆናል። ነገር ግን መሣሪያው የሚያውቀው ስልኩ መቼ እንደ ተዘጋ ብቻ ነው፤ ልጁ በልቡ ምን እንደ ዘጋ አያውቅም። ስልኩን በምንቈልፍበት ምሽት «ዛሬ ምን አየህ?» ብለን ብንጠይቀውና መልሱን ሳንቈጣ ብንሰማው፣ ያጠርነው አጥር ዙሪያውን ገደል አይሆንበትም፤ በር ያለው አጥር ይሆንለታል።